አዛዥ የሌለው ኮምፒዩተር፤ ስለ ፕሮፌሰር አርቪንድ ምርምር



ስለ ኮምፒዩተር ወሬ ሲነሣ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን ለኢንጂኔሪንግ ጓደኞቻችን ትተን ወደየመጽሐፋችን እንመለሳለን። ይህ ልማድ ግን የሚያዋጣ አይመስለንም። አንደኛ፣ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ሳይቀር ኮምፒዩተር ሆኗልና ነገሩ የባለሙያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ ከተደረጉት ክርክሮች አንዳንዶቹ ጠጋ ብለው ሲመረምሯቸው የቋንቋ፣ የፍልስፍናና የአስተዳደር ክርክሮች ሆነው ይገኛሉ። ዛሬ ለአንባቢ ልናቀርብ ያሰብነው ከእነዚሁ አንዱን ነው። ጥያቄውም ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ብዙ ሠራተኞች በተሰለፉበት ሥራ ላይ በየደቂቃው «አንተ ይህን ሥራ፣ ቀጥለህ ደግሞ ያንን» የሚል አዛዥ ግድ ያስፈልጋልን? ወይስ ሥራው ራሱ ሠራተኞቹን ሊያዛቸው ይችላል?

ይህን ጥያቄ ይዘው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል የደከሙበት ሊቅ ፕሮፌሰር አርቪንድ ይባላሉ። የሕንድ ተወላጅ ሲሆኑ በ1969 ከካንፑር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪክ ኢንጂኔሪንግ ተመርቀው፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1973 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ከዚያም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአርቫይን ቅርንጫፍ አስተማሩ፤ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ኤም አይ ቲ ተብሎ በሚጠራው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠርተዋል። ያረፉት ጁን 17 ቀን 2024 በ77 ዓመታቸው ነው። በሳይንስ ጽሑፎቻቸው ላይ የሚያሰፍሩት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የቤተሰብ ስም በማናውቀው በእኛ ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አንድ ጸሐፊና አንድ ተላላኪ

የፕሮፌሰር አርቪንድን ሐሳብ ለመረዳት አስቀድሞ የተለመደው ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ የምናየው ኮምፒዩተር በመሠረቱ በ1945 በጆን ፎን ኖይማን ስም በወጣው ሪፖርት ላይ የተገለጸውን አሠራር የተከተለ ነው። አሠራሩም ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ቁጥሮችና ትእዛዞች ተደርድረው የሚቀመጡበት የማስታወሻ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነበበ ሒሳቡን የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰሩ «አሁን ተራው የስንተኛው ትእዛዝ ነው?» የሚለውን የሚያመለክት ቆጣሪ አለው፤ አንዱን ትእዛዝ ከፈጸመ በኋላ ቆጣሪው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ብንገልጸው የተሻለ ግልጽ ይሆናል። አንድ ጸሐፊ በጠረጴዛው ተቀምጧል። ፋይሎቹ ሁሉ ያሉት በሌላ ሕንጻ ባለው መዝገብ ቤት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ተላላኪ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ሲሄድ አንድ ፋይል ብቻ ይዞ ይመጣል። ጸሐፊው ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ተላላኪው እስኪመለስ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጸሐፊውን በእጥፍ ፈጣን በሆነ ጸሐፊ ብንተካውም የሚጨምረው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ይህንን ጠባብ መተላለፊያ በብርቱ የነቀፉት ጆን ባከስ ናቸው። ባከስ በ1957 ለገበያ የቀረበውን ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያወጣውን የአይ ቢ ኤም ቡድን የመሩ ሰው ነበሩ። በ1977 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ግን ከዚሁ ከፎን ኖይማን አሠራር የተወለዱትን ቋንቋዎች፣ የገዛ ልጃቸውን ፎርትራንን ጨምሮ፣ ሐሳባችንን በዚያው ጠባብ መተላለፊያ እንድናሳልፍ ያስለመዱን ናቸው ሲሉ ነቀፉ።

ጸሐፊ ቢበዛስ?

እንግዲህ «አንድ ጸሐፊ ካልበቃ ሁለት፣ አሥር፣ መቶ ይቀጠሩ» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን? እርግጥ ነው፤ ዳሩ ግን ተረቱ ድሩ እንዴት እንደሚያብር አይነግረንም። ፕሮፌሰር አርቪንድና ሮበርት ያኑቺ በ1980ዎቹ ዓመታት ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ብዙ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ ለማሠራት የሚፈልግ ሁሉ ከሁለት ጥያቄዎች ሊያመልጥ እንደማይችል አሳይተዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጠበቅ ጥያቄ ነው። ፕሮሰሰሮቹ በበዙ ቁጥር የማስታወሻው ክፍል ይርቃል፤ ተላላኪው የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ መንገዱም ይጨናነቃል። ስለዚህ አንድ ፕሮሰሰር የጠየቀው ቁጥር እስኪመጣለት ድረስ ሌላ ጠቃሚ ሥራ ሊሠራ ካልቻለ መቶ ፕሮሰሰር ማለት መቶ ሥራ ፈት ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው የመተባበር ጥያቄ ነው። ለዚህ አንድ ዕቁብ እናስብ። በመዝገቡ ላይ 100 ብር ተጽፏል። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ አንደኛው 50 ብር፣ ሁለተኛው 30 ብር። ሁለቱም መዝገቡን በአንድ ጊዜ ተመልክተው «100» የሚለውን አነበቡ። አንደኛው 50 ጨምሮ «150» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ ባነበበው 100 ላይ 30 ጨምሮ የጓደኛውን ጽሕፈት ሰርዞ «130» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ሒሳባቸውን ያወቁ፣ ሁለቱም ታማኞች ናቸው፤ ሆኖም 50 ብር ጠፋ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱ ሁልጊዜ የማይታይ መሆኑ ነው። አንደኛው ጸሐፊ በጥቂት ሰኮንድ ቢቀድም ኖሮ ሒሳቡ ልክ 180 ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ትክክል፣ አንድ ቀን ስሕተት የሚሆን ፕሮግራም ደግሞ ስሕተቱ ከወዴት እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

አንድ ጊዜ የተሰየመ ስም

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይመጣል፤ የእኛም ፋኩልቲ ጆሮውን ማቅናት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በተለመዱት የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ «ሀ ማለት ሀ ሲደመር 1 ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ዘወትር ይጻፋል። በሒሳብ ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ እንደሚያገኝ የታወቀ ነው፤ ከራሱ በ1 የሚበልጥ ቁጥር የለምና። በፕሮግራሙ ግን «ሀ» የቁጥር ስም ሳይሆን የሣጥን ስም ነው፤ ትርጉሙም «በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አውጥተህ 1 ጨምርበትና መልሰህ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህም ማለት «ሀ» ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደተነበበም ማወቅ ያስፈልጋል። የዕቁቡን 50 ብር ያጠፋውም ይኸው ነው።

ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ የተባለው ስልት ይህንን ልማድ ይተዋል። በዚህ ስልት ስም ለአንድ ዋጋ አንድ ጊዜ ይሰየማል፤ እንደ ክርስትና ስም ጸንቶ ይኖራል፤ ኋላ አይለወጥም። ፕሮግራሙ የትእዛዝ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ነገር ከምን ከምን እንደሚገኝ የሚናገር ፍቺ ይሆናል። ፋንክሽን የሚባለውም የተሰጠውን ተቀብሎ ውጤቱን ከመመለስ በቀር በሥውር ሌላ ነገር የማይነካ ሠራተኛ ነው፤ ዛሬም ነገም ያንኑ ከሰጡት ያንኑ ይመልሳል። የሐሳቡ መሠረት አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ዓመታት ያወጡት ላምዳ ካልኩለስ የተባለው የሎጂክ ሥርዓት ነው። ቸርችና ሮሰር በ1936 እንዳረጋገጡት፣ በዚህ ሥርዓት አንድን ሐረግ ከየትኛውም ጫፍ ጀምረው ቢያቃልሉት ከመጨረሻ ላይ ከደረሱ የሚደርሱበት መልስ አንድ ነው።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 3 በ4 ተባዝቶ፣ 5 በ6 ተባዝቶ፣ ሁለቱ ይደመሩ ቢባል የትኛውን ብዜት እናስቀድም ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢሠሯቸውም መልሱ 42 ነው። እንደዚሁም 1,024 ቁጥሮችን አንድ ሰው በተራ ይደምራቸው ቢባል 1,023 ጊዜ መደመር አለበት። ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ፣ የተገኘውንም እንደገና እያጣመሩ እንዲሄዱ 512 ሰዎች ቢሰለፉ ግን ሥራው በ10 ዙር ብቻ ያልቃል። ቅደም ተከተል የማያስፈልገው ሥራ የትኛው እንደሆነ ቋንቋው ራሱ ከገለጸልን፣ የሥራ ክፍፍሉን ሰው ተቀምጦ ማውጣት አያስፈልገውም ማለት ነው።

እንደ ዶሮ ወጥ የሚሠራ ኮምፒዩተር

ቋንቋው ከተገኘ ዘንድ ቀሪው ጥያቄ ይህንን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ኮምፒዩተር እንዴት ይሠራ የሚለው ነው። በኤም አይ ቲ ጃክ ዴኒስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዳታፍሎው፣ በአማርኛ የመረጃ ፍሰት ልንለው የምንችለውን አሠራር አቀረቡ። በዚህ አሠራር «አሁን ተራው የማን ነው» የሚል ቆጣሪ የለም። አንድ ትእዛዝ የሚፈጸመው የሚያስፈልጉት ነገሮች ተሟልተው በደረሱለት ጊዜ ነው።

ለዚህ ከዶሮ ወጥ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም። ሽንኩርት ይከተፋል፤ ዶሮው ተበልቶ በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ እንቁላሉ ይቀቀላል፤ እንጀራው ይጋገራል። እነዚህ አራቱ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ አራት ሰዎች ካሉ አራቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። በርበሬው ግን ሽንኩርቱ ሳይቁላላ አይገባም፤ ዶሮውም ቁሌቱ ሳይደርስ አይጨመርም፤ የተላጠው እንቁላል ደግሞ የሚገባው በመጨረሻ ነው። የሠርግ ድግስ በሚሰናዳበት ቤት እናቶቻችንን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ሽንኩርት የምትከትፈውን ሴት «አሁን አንድ ጊዜ ክተፊ፣ አሁን ቁሚ» የሚላት የለም። ሽንኩርቱ ከቀረበላት ትከትፋለች፤ የከተፈችውን ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። የሥራው ቅደም ተከተል ከወጡ ጠባይ የመጣ እንጂ ከአዛዥ አፍ የወጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዴኒስ አሠራር አንድ ችግር ነበር። በአንዱ ሠራተኛና በሌላው መካከል በአንድ ጊዜ ሊያልፍ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ድስት ወጥ በአንድ ቤት ይሠራ ቢባል ግን የተከተፈው ሽንኩርት የየትኛው ድስት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር አርቪንድና ባልደረባቸው ኪም ጎስተሎው በአርቫይን ሳሉ ያመጡት መፍትሔ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ምልክት መለጠፍ ነው፤ ይኸውም «የሦስተኛው ድስት፣ የሁለተኛው ዙር ሽንኩርት» እንደማለት ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ትእዛዝ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ሺሁም ዙር ሳይምታታ በአንድ ጊዜ ሊካሄድ ይችላል። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነ ጆን ገርድ ቡድን በዚሁ ዓይነት ሐሳብ የሠራው ኮምፒዩተር በ1981 ሥራ ጀምሯል። ለዚሁ አሠራር የሚስማማው የነ አርቪንድ ቋንቋ ደግሞ አይዲ ተባለ።

የማርክ ሰሌዳ

ፋንክሽናል ቋንቋዎች አንድ የታወቀ ድካም ነበረባቸው። አንድ ሺህ ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ቢኖርና አንዱን ብቻ መለወጥ ቢያስፈልግ፣ የተሰየመ ነገር አይለወጥምና ሠንጠረዡን ሁሉ መገልበጥ ግድ ሊሆን ነው። ፕሮፌሰር አርቪንድና ተማሪዎቻቸው ለዚህ ያወጡት ዘዴ አይ ስትራክቸር ይባላል።

ዘዴውን በማርክ ሰሌዳ እንመስለው። በተለመደው ሰሌዳ ማርኩ ሳይለጠፍ የደረሰ ተማሪ ባዶ ቦታ አይቶ ይመለሳል፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይመላለሳል። በአይ ስትራክቸር ሰሌዳ ግን እያንዳንዱ ቦታ ተሞልቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቃል። ቀድሞ የደረሰ ተማሪ ስሙን አስመዝግቦ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ ማርኩ በተጻፈበት ቅጽበት ለተመዘገቡት ሁሉ ይላክላቸዋል። በአንድ ቦታ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሊጽፍ የሞከረ ስሕተት እንደሠራ ወዲያው ይታወቅበታል። እንግዲህ ሁለቱም የቀድሞ ጥያቄዎች በአንድ ዘዴ መልስ አገኙ ማለት ነው። የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ እየሠራ ይጠብቃል፤ አንባቢ ጸሐፊውን ቢቀድም እንኳ የተሳሳተ ነገር ሊያነብ አይችልም። መልሱም የማንም እግር ቢፈጥን፣ የማንም ቢዘገይ ያው ነው።

ሞንሱን

ከወረቀት ወደ መሣሪያ ሲኬድ ግን ምልክት መለጠፉ ራሱ ሌላ ችግር አመጣ። ለመደመር ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ቀድሞ ሲደርስ ተመሳሳይ ምልክት ያለውን ጓደኛውን በብዙ ሺህ ከሚጠብቁት መካከል መፈለግ አለበት። ቀጠሮ ሳይዙ በመርካቶ ገበያ እንደሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። ግሬጎሪ ፓፓዶፑሎስና ዴቪድ ከለር፣ ሁለቱም የፕሮፌሰሩ ተማሪዎች፣ የሰጡት መልስ እጅግ ቀላል ነበር፤ ይኸውም የመገናኛው ቦታ አስቀድሞ ይወሰን የሚል ነው። «ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር» ከተባለ ቀድሞ የደረሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ፍለጋ ቀረ። በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ኮምፒዩተር የሕንድን ዝናብ በሚያመጣው ነፋስ ስም ሞንሱን ተብሎ፣ ከሞቶሮላ ኩባንያ ጋር በመተባበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተሠራ። ከተሠሩት ጥቂት ሞንሱኖች መካከል በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተተከለ ነበር።

አዛዥ በሌለበት ቤት ሌላ አደጋ እንዳለም በዚሁ ምርምር ታይቷል። ሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ ሊጀመር ይችላል ማለት ሁሉም ይጀመር ማለት አይደለም። መቶ ድስት ወጥ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ ድስቱም ምድጃውም ቢያልቅ አንዱም ሳይበስል ሁሉም ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከለርና አርቪንድ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱት ዙሮች ስንት መሆን እንዳለባቸው የሚወስን ልጓም አበጁ። ነፃነቱ ልክ እንዲኖረው ሆነ እንጂ አዛዡ ተመልሶ አልመጣም።

ከሸፈ ወይስ ተሳካ?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ሞንሱን ገበያ አልወጣም። በየቢሮው ያለው ኮምፒዩተር ዛሬም የፎን ኖይማን ልጅ ነው፤ አብዛኛው ፕሮግራም ጸሐፊም ዛሬ በሣጥን ቋንቋ ይጽፋል። ለዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ተራው ፕሮሰሰር በየጊዜው ፍጥነቱ እየጨመረ ስለሄደ፣ «አዲስ ቋንቋ ተማሩ፣ አዲስ መሣሪያ ግዙ» የሚለውን ለመስማት የሚቸገር ገዢ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ተራው ፕሮሰሰር በቅርብ የሠራበትን ነገር አጠገቡ ባለች ትንሽ መሳቢያ አስቀምጦ መዝገብ ቤት ሳይልክ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ዳታፍሎው ግን እያንዳንዷን ጥቃቅን ትእዛዝ ለብቻዋ ስለሚያስተናግድ ይህንን ጥቅም በቀላሉ አያገኝም ነበር። ጂን አምዳል በ1967 ያስታወቁት ሕግም አለ። ይህ መጽሔት ተሠርቶ እስኪያልቅ 20 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ አዘጋጁ ብቻውን አንብቦ የሚያርምበት 1 ሰዓት ቢኖር፣ ገጽ የሚለቅመውና የሚያያይዘው ሰው ሺህ ቢሆን ሥራው ከ1 ሰዓት በታች አይወርድም። ይኸውም ቢበዛ 20 እጥፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው «ይህን ያህል ዘመንና ገንዘብ ፈስሶ ምን ተረፈ?» ሊል ይችላል። እኛ የምንሰጠው መልስ ሦስት ክፍል አለው።

በመጀመሪያ፣ በፍጥነት ብቻ የመገስገሱ ዘመን አለፈ። በ2004 አካባቢ ፕሮሰሰሮች ከሚያወጡት ሙቀት የተነሣ ፍጥነታቸው እንደ ቀድሞው ሊጨምር ስላልቻለ፣ ሠሪዎቹ ከ2005 ጀምሮ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ ኋላም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰሮችን እየደረደሩ ለሕዝብ ይሸጡ ጀመር። የዕቁቡ ጸሐፊዎች ጣጣ ከላቦራቶሪ ወጥቶ በየኪሳችን ገባ። ፕሮፌሰር አርቪንድ ቀድመው የጠየቁት ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ስሙን ለውጦ ይኖራል። በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ እንኳ ትእዛዞች በጽሑፉ ተራ ሳይሆን የሚያስፈልጋቸው በተሟላላቸው ተራ የሚፈጸሙበት ዘዴ አለ። ሮበርት ቶማሱሎ ለአይ ቢ ኤም በ1967 ያወጡት ይህ ዘዴ ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዙ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ገብቷል፤ ዳታፍሎው በትንሿ ጓዳ ውስጥ ይሠራል ብንል አልተሳሳትንም። ጉግል በ2004 ማፕሪዱስ በሚል ስም ያስታወቀው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አንድ ሥራ የሚያሠራ ዘዴ ስሙንና ሐሳቡን የተዋሰው ከፋንክሽናል ቋንቋዎች ነው። በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ቴንሰርፍሎው የተባለው የማሽን ትምህርት መሣሪያም ሥራውን የሚገልጸው በመረጃ ፍሰት ሥዕል ነው። ሐስኬል የተባለው ፋንክሽናል ቋንቋ የመጀመሪያ ሪፖርት በ1990 ሲወጣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ አርቪንድ ነበሩ፤ ከሪሺዩር ኒኪል ጋር ሆነውም አይዲንና ሐስኬልን ባዋሐደው ፒ ኤች በተባለው ቋንቋ ላይ በ2001 መጽሐፍ አሳትመዋል።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ የመሰለን፣ ሰውዬው ራሳቸው ያደረጉት ነው። ሞንሱን ገበያ ባለማግኘቱ ዓለምን እየወቀሱ አልተቀመጡም፤ ያንኑ የድሮውን መሣሪያም ስሙን እየለወጡ አላቀረቡም። ይልቁንም ሐሳቡ በሌላ ማሳ ቢዘራ ይበቅል እንደሆነ መረመሩ። ቺፕ ማለት በተፈጥሮው ሚሊዮን ነገሮች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ነው፤ እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን መሥራት ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ስለዚህ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማሪዎቻቸው ጋር ቺፕ የሚነደፍበትን ቋንቋ ማዘጋጀት ያዙ። በዚህ ቋንቋ ነዳፊው የሚጽፈው ሕጎችን ነው፤ እያንዳንዱ ሕግ «ይህ ሁኔታ ከተሟላ ይህ ሁሉ ይፈጸም» ይላል፤ ሲፈጸምም ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል ወይም ጭራሽ አይነካም። የዕቁቡ 50 ብር የሚጠፋበት ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው። ብሉስፔክ የተባለው ኩባንያም በ2003 በዚሁ ሐሳብ ላይ ተቋቋመ። የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንጂኔሪንግ አካዳሚም በ2008 በአባልነት ተቀብሏቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንድ ምርምር ተሸጠ ወይስ አልተሸጠ በሚለው ብቻ የሚመዘን ከሆነ ሞንሱን ወድቋል። ነገር ግን ከሠራተኞቹ አንዱ ፓፓዶፑሎስ ኋላ ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆነ፤ ከለርም በበርክሌይ ፕሮፌሰር ሆኖ ሌሎችን አስተማረ። መሣሪያው ሙዚየም ሲገባ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎችና ያነሡት ጥያቄ ግን ሥራ ላይ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ይህ ትምህርት ምን ይሠራል? የት ያስቀጥራል?» የሚለው ጥያቄ በሚበረታበት ጊዜ፣ በተለይም ለታሪክና ለፍልስፍና ተማሪዎች ዘወትር በሚቀርብበት ጊዜ፣ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ቸርች በ1930ዎቹ ላምዳ ካልኩለስን ሲጽፉ የሚያሠራው ኮምፒዩተር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሥራቸው የሎጂክ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን የፋንክሽናል ቋንቋዎች መሠረት ሆኖ ይኖራል።

እኛም በማኅበራችን ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዷ ነገር በአንድ ሊቀ መንበር ጠረጴዛ በኩል እንድታልፍ እናደርግና ሥራው ሲዘገይ ሰውየውን እንወቅሳለን። ችግሩ የሰውየው ፍጥነት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የሥራው ቅደም ተከተል በውነት የቱ ላይ ግድ እንደሆነ፣ የቱ ላይ ልማድ ብቻ እንደሆነ ሳንለይ ቀርተን ይሆናል። ይህን የምንለው ኮምፒዩተርና ሰው አንድ ናቸው ብለን አይደለም፤ ሰው ምልክት ተለጥፎበት የሚሄድ ቁጥር አይደለምና። ጥያቄው ግን ለሁለቱም የሚጠየቅ ነው።

በኢንጂኔሪንግና በሳይንስ ፋኩልቲ ያላችሁ ጓደኞቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ የምትጨምሩት ወይም የምትቃወሙት ቢኖር፣ በተለይም ፋንክሽናል ቋንቋ ለጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ ይሰጥ ወይስ ኋላ በሚለው ላይ፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ደስታችን ነው።